ፍየሏ የከሰሰችው ብሎግ

ብሎግ አለኝ። ይህን ለሰው ስናገር የማገኘው መልስ ምንጊዜም አንድ ነው፤ መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ቀጥለው «አይዞህ» ይሉኛል። አንድ የአገሬ ልጅ እንዲያውም ትከሻዬን ይዞ «ሐኪም አይቶሃል?» ብሎኛል። ሰው ሁሉ ስልኩ ፊት ቆሞ እየጨፈረ በሚታይበት ዘመን ቁጭ ብሎ ባለ አራት ገጽ ነገር የሚጽፍ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቢታይ አይከፋም።

ብሎጌ «ከፍሪጅ ጀርባ» ይባላል። ሐርጌሳ ውስጥ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ፍሪጅ ሲበላሽ ሰው የሚያሳያችሁ ፊቱን ነው፤ ጉዱ ያለው ግን ከጀርባው ነው። ከደሴ ወጥቼ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ከፍሪጅ ጀርባ ያላገኘሁት ነገር የለም። የጠፋ ማንኪያ፣ የጠፋ የሰላት መቁጠሪያ ሙስበሃ፣ ተደብቆ የተረሳ ብስኩት። አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ የሠርግ ፎቶ አገኘሁ፤ ባልየው ብቻ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። ፎቶውን እዚያው መልሼ ከተትኩት፤ ቤቴ ገብቼ ግን ጻፍኩት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት ሞላኝ።

አንባቢዎቼ ዘጠኝ ናቸው። ቆጣሪው አሥራ አንድ ይላል፤ ሁለቱ እኔ ነኝ፣ አንድ ጊዜ በስልክ አንድ ጊዜ በኮምፒውተር። ከዘጠኙ አንዱ ግን የተለየ ነው። ስሙን አይጽፍም። በእያንዳንዱ ጽሑፌ ሥር አንዲት ቃል ብቻ ያስቀምጣል፤ «አነበብኩ።» ጥሩ ነው አይል፣ መጥፎ ነው አይል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳያጓድል «አነበብኩ።» እኔም አስቤ አስቤ ውጭ አገር የሚኖሩ ትልቅ ፕሮፌሰር ናቸው ብዬ ወሰንኩ። ነጭ ጺም ሰጠኋቸው። መነጽርም አደረግሁላቸው። አንዳንድ ቀን ፍሪጅ ሥር ተጋድሜ ስሠራ፣ ይህን አረፍተ ነገር ፕሮፌሰሩ ይወዱት ይሆን እያልኩ ብሎን ይጠፋብኛል።

ብቻዬን ያበድኩ እንዳይመስላችሁ። ብጤዎች አሉኝ። አዳማ ላይ አንዲት ሴት አለች፤ የምትጽፈው ድስታቸው ስለጠፋ ክዳኖች ብቻ ነው። የማታምኑ ከሆነ ኩሽናችሁን እዩ፤ አንድ ባለቤት የሌለው ክዳን አታጡም። ሰው ፎቶ ይልክላታል፣ እሷ ድስቱ የት ሊሄድ እንደሚችል ትመረምራለች። እዚሁ ሐርጌሳ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር አንድ ጸጉር አስተካካይ አለ፤ ስለ ደንበኞቹ ማጅራት ይጽፋል። ፊት አይነካም። ማጅራት አይዋሽም ነው የሚለው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ደግሞ በሥራ ሰዓት ያያቸውን ሕልሞች ከነሰዓታቸው ይመዘግባል፤ አለቃው እስካሁን አለማንበቡ ስለ ብሎግ አንባቢ ብዛት ብዙ ይነግራችኋል። የዚህ ሰው ገጽ መደቡ ሐምራዊ ነው፣ ፊደሉ ቢጫ ነው፣ ከላይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ይወርዳል። አንብቤ ስጨርስ ግማሽ ሰዓት ዓይኔን እይዛለሁ። ግን ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አላዘዘውም፤ ደስ የሚለኝም እሱ ነው። በረዶ አሰኘው፣ በረዶ አደረገ።

ከሁሉም የምወዳቸው ግን ከጅጅጋ ወዲያ ያሉትን ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ግቢያቸው ውስጥ የቲማቲም ጣሳ አስቀምጠዋል። በየቀኑ ጣሳው ውስጥ ጣታቸውን ከትተው ያዩትን ይጽፋሉ። «ዛሬ፦ ምንም።» በቃ፣ ጽሑፉ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ አምስት ወር ሙሉ «ምንም» ሲሉ ከርመው፣ አንድ ቀን «ዛሬ፦ አንድ ጣት ሙሉ» አሉ። ፍሪጅ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። የቤቱ እመቤት ፍሪጃቸው የማይድን መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ። የእኚህን ሰው ገጽ በብሎጌ ጎን ላይ፣ ከሌሎቹ በላይ፣ ሊንኩን አድርጌ ለጥፌዋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የምኖረው እዚሁ ሐርጌሳ ጋአን ሊባህ ሰፈር ነው፤ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ቀጭን መንገድ ላይ። ይህ ከተማ ውስጥ ጅጅጋና ድሬዳዋ ተምሮ ያደገ ሰው ስንት እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ሥራ የማገኘው በእነሱ በኩል ነው። ብዕር ስይዝ ግን ይህ እውቀት ከጭንቅላቴ ውልቅ ይላል። በአማርኛ እስከጻፍኩ ድረስ በዚህ መንገድ ላይ ማንም አያየኝም ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህም ያልጻፍኩበት ጎረቤት የለም። ስለ አከራዬ ስለ አዴር ጃማ እንኳ ጽፌያለሁ። አዴር እዚህ አጎት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም። አዴር ጃማ ደግ ሰው ናቸው፣ ቀን ሲተኙ ግን ያንኮራፋሉ። ማንኮራፋታቸው ኮምፕረሰሩ ሊሞት የደረሰ የሥጋ ቤት ፍሪጅ ነው ብዬ በሦስት ክፍል አቅርቤዋለሁ። ሦስተኛው ክፍል በሕዝብ ጥያቄ ነው፤ ሕዝቡ እኔ ነኝ።

ከዚያ ፍየሏ መጣች።

እኔ መጀመሪያ ደብተር ላይ ነው የምጽፈው። አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ ቆየሁና ሻይ ልቅዳ ብዬ ገባሁ። ስወጣ አንዲት ጥቁርና ነጭ ፍየል ደብተሬ ላይ ቆማ ታኝካለች። የበላችው በሕይወቴ የጻፍኩትን ምርጥ ጽሑፍ ነው። ምርጥ መሆኑን የማውቀው ስለተበላ ነው፤ ያልተበሉትን እናንተም አይታችኋቸዋል። ሦስት ገጽ ሙልጭ አደረገች። አራተኛው ላይ ስትደርስ አሸተተች፣ አሰበች፣ ተወችው። ያንገበገበኝ መብላቷ አይደለም፤ አራተኛውን መተዋ ነው።

በዚያ ንዴት ቁጭ ብዬ አንድ ጽሑፍ ወለድኩ። አልደብቃችሁም፣ እንዲህ የሚል አለበት፦ «ይህች አሳዳጊ የበደላት፣ ዓይነ ደረቅ፣ ጺሟን እንደ ትልቅ ሰው አንጠልጥላ የምትዞር ሌባ የማን እንደሆነች አላውቅም። የማንም ትሁን፣ እሷን ያሳደገ ሰው ሁለተኛ እንኳን ፍየል ዶሮ እንዳያሳድግ።» ለጠፍኩት። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ አስተያየቱ መጣ። ግን እንደወትሮው አልነበረም።

«አነበብኩ። ነገ እንገናኛለን።»

ፕሮፌሰሩ! ለጥናት ወደዚህ መጥተው ነዋ! ጺሜን ተላጨሁ፣ ሸሚዜን ተኮስኩ፣ ለእንግዳ የሚቀርበውን የሐርጌሳ ሐልዋ ገዛሁ። ሐልዋውን ሰሃን ላይ አስተካክዬ ስጠብቅ በሩ ተንኳኳ። አዴር ጃማ ናቸው።

«ተከሰሃል» አሉኝ በሶማልኛ።

«በማን?»

«በፍየል።»

«በፍየል?»

«ሉል በምትባለው፣ በኤዶ ሳህራ ፍየል። ከአስር ሰላት በኋላ ሽማግሌዎች ግራሩ ሥር ይጠብቁሃል።» ሰሃኑን አዩ። «ሐልዋው ለማነው?» ብለው ተቀምጠው ጨረሱት።

ኤዶ ሳህራ ከእኔ ሁለት በር አልፈው የሚኖሩ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል። ኤዶ አክስት እንደማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በተሰባበረ ሶማልኛዬ እንዴት አደሩ እላለሁ፣ እሳቸውም በሶማልኛ ደህና ይሉኛል፣ አለቀ። ለእንዲህ ያለ ሰው ፍየላቸው መሰደቧን ማን ሊነግራቸው ይችላል? ፕሮፌሰሩ ነግረዋቸው ይሆን? ጭንቅላቴ ያን ያህል ነው የሚሠራው።

እዚህ አገር ሰው ተከሶ ብቻውን አይቀርብም፤ ወገኖቹ ከጎኑ ይቀመጣሉ። የእኔ ወገኖች ደሴ ናቸው። እንግዳ ሲሆን ደግሞ ያስጠጋው ሰው ይቆምለታል። ስለዚህ ማን ከጎኔ ቢቀመጥ ጥሩ ነው? አዴር ጃማ። ባለ ሦስት ክፍሉ አዴር ጃማ። «አብሽር፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካህም» ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ።

ከግራሩ ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሰብሳቢው ጺማቸውን በሒና ያቀሉት ሐጂ ዱዓሌ ናቸው። ኤዶ ሳህራ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ሉል ከወንበራቸው እግር ታስራ ታመሰኳለች። ምን እያመሰኳች እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«ብሎግ ምንድን ነው?» አሉ ሐጂ ዱዓሌ።

«ሰው የሚጽፈውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው።»

«ጋዜጣ ነው?»

«አይደለም።»

«አለቃህ ማነው?»

«የለኝም።»

«ማነው ጻፍ ያለህ?»

«ማንም።»

«ምን ታገኝበታለህ?»

«ምንም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ ዱዓሌ ወደ አዴር ጃማ ጠጋ ብለው በለሆሳስ «ቤተሰቡ ያውቃል?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ከዚያ ጽሑፉን ወደ ሶማልኛ እየመለስኩ እንዳነብ ታዘዝኩ። የእኔ ሶማልኛ የፍሪጅ ሶማልኛ ነው። ጋዝ ጨርሷል፣ በሩ አይገጥምም፣ ለነገ ይደርሳል፤ ከዚህ አላልፍም። በዚያ ላይ ነገሩን ማለስለስ ፈልጌያለሁ። ስለዚህ «አሳዳጊ የበደላት» የሚለው ጋ ስደርስ «ይህች ፍየል እንደሚገባ አልቀዘቀዘችም» አልኩ።

«ፍየል ለምን ትቀዘቅዛለች?» አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ በቅን ልቦና።

«ጺሟን አንጠልጥላ» የሚለውን «ከፊት በኩል ትንሽ ያንጠባጥባታል» አልኩት። ሽማግሌው ፍየሏን ጎንበስ ብለው አዩ።

ይሄኔ ኤዶ ሳህራ ብድግ አሉ። ሲናገሩ በሶማልኛ አይደለም፤ ልቅም ባለ፣ የድሬ አሸዋ በማይጠፋበት አማርኛ ነው።

«አቦ ምንድነው የምትለው? እንዲህ ነው እንዴ የጻፍከው? አሳዳጊ የበደላት ነው ያልከው! አሳዳጊዋ እኔ ነኝ! ሌባ ብለሃል፣ ዓይነ ደረቅ ብለሃል፣ ዶሮም እንዳላሳድግ ከልክለኸኛል! አንብብ ስትባል በደንብ አንብብ!»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ጽሑፌን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው በሶማልኛ ወረዱት። አንዲት ቃል አልጣሉም። ትርጉማቸው ከእኔ ጽሑፍ ይሻላል ብዬ ስቀና፣ ሽማግሌዎቹ ሁለት ቦታ ላይ ሳቃቸውን ዋጡ። እኔ ግን ደርቄ ቀርቻለሁ።

«‹አነበብኩ› የሚሉት... እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን መስሎህ ነው?»

ያን ሁሉ ዓመት ያሳደግሁትን ነጭ ጺም ከኤዶ ሳህራ አገጭ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ሐጂ ዱዓሌ በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ሳህራ፣ ይህን ሰው ስድስት ዓመት ካነበብሽው አንድ ነገር ንገሪን። የሰደበው ፍየል ብቻ ከሆነ በይቅርታ ያልፋል። የዚህን መንገድ ሰዎች እያነሳ የሚጽፍ ከሆነ ግን፣ ሰው ጓዳ የሚገባ ነገር ነውና ዛሬውኑ ይዘጋል፤ እዚሁ ፊታችን ይዘጋል። ሌላስ ስለ ማን ጽፏል?»

ስድስት ዓመት። የማንኪያው፣ የሙስበሃው፣ ባልየው የተቆረጠበት ፎቶ።  ሰው ቢያነበውም ባያነበውም የእኔ የምለው ነገር በዚህ ዓለም እሱ ብቻ ነበር፣ ይህን ያወቅሁት እዚያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው።

በዚህ መሐል ከጎኔ አንድ ድምፅ ተሰማ። ኮምፕረሰሩ ሊሞት የደረሰ የሥጋ ቤት ፍሪጅ። ሙቀቱና ሐልዋው ተጋግዘው አዴር ጃማን አስተኝተዋቸዋል፤ ልክ ክፍል ሁለት ላይ እንደገለጽኩት መጀመሪያ ይነዝራል፣ ቀጥሎ ያፏጫል፣ ከዚያ ጸጥ ብሎ ሰው ያስደነግጣል።

ኤዶ ሳህራ አዴር ጃማን አዩ። እኔን አዩ። የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በሁለት ቃል ሊጨርሱኝ ይችላሉ። 

«ስለ ዝናብ» አሉ በመጨረሻ።

«ስለ ዝናብ?»

ከግራሩ ሥር ያለ ራስ ሁሉ ቀና አለ። እዚህ አገር ስለ ዝናብ ሲወራ ሌላው ወሬ ይቀመጣል።

«አንድ መምህር አሉ፣ ከጅጅጋ ወዲያ። በየቀኑ የዘነበውን ይጽፋሉ። ወደሳቸው የሚወስደው መንገድ በዚህ ልጅ ገጽ ላይ ነው ያለው። ከተዘጋ እኔም አላገኛቸውም።»

«ከጅጅጋ ወዲያ የት?» አሉ ሐጂ ዱዓሌ። ቦታውን ነገርኳቸው። ከወንበራቸው ተነሱ። ግመሎቻቸው ያሉት እዚያው ነው። «አንብብ!»

ስልኬን አወጣሁ። «ሰኞ፦ ምንም።»

«ያ ረቢ» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ማክሰኞ፦ ደመና መጥቶ ሄደ።»

«ወዴት ሄደ?»

«አልጻፉም። ረቡዕ፦ ግማሽ ጣት።»

«አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» አዴር ጃማ ነቅተው ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው አመሰገኑ።

«ሐሙስስ? ሐሙስን በል!»

«ሐሙስ፦» አልኩና ቆምኩ። «ሐሙስ፦ ሌሊቱን በደንብ ዘንቦ ነበር። ጣሳውን ግን ፍየል ስለገለበጠችው ልኩ አይታወቅም።»

«ፍየል?!» ሐጂ ዱዓሌ ደማቸው ፈላ። በትራቸው ወደ ላይ ተነሳ። «የማን ፍየል ናት? እንዲህ ያለች ሌባ ያሳደገ ማነው? አሳዳጊ የበደላት!»

 ሐጂ ዱዓሌ የተናገሩትን ቀስ ብለው ሰሙት። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መጀመሪያ የሳቁት ኤዶ ሳህራ ናቸው፤ ከዚያ ግራሩ ራሱ የሳቀ መሰለኝ። ሉል ብቻ አልሳቀችም።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ብሎጉ አይዘጋም። ሉልን በስሟ ጠርቼ በጽሑፍ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተበላው ተበልቷል፣ ደብተር ደጅ ጥሎ የሚገባ ሰው አይካስም። በየቀኑ ከአስር ሰላት በኋላ ግራሩ ሥር መጥቼ ለሽማግሌዎቹ የመምህሩን ጣሳ አነባለሁ። በዚህ የመጨረሻው ላይ የሁሉም ድምፅ አንድ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ኤዶ ሳህራን ጠየቅኋቸው። «ስድስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ያን የሚያሳፍር ሶማልኛ እየሰሙ፣ አንድ ቀን እንኳን በአማርኛ እንዴት አይመልሱልኝም?»

«ብመልስልህ ትጽፍ ነበር?» አሉ ሉልን እየጎተቱ። «እንደሚገባኝ ብታውቅ ልክ ልካችንን ትነግረን ነበር? ከባሌ ጋር በቤታችን ድሬዳዋ ያደግንበትን አማርኛ ነበር የምናወራው። እሱ ከሞተ ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ በአማርኛ የሚያወራኝ ያንተ ፍሪጅ ብቻ ነው። ዝም አልኩ፣ ምን ላድርግ? ልጄን ስትነካብኝ ግን አልቻልኩም።» ልጄ ያሉት ፍየሏን ነው። ሉልን ልዳብሳት እጄን ዘረጋሁ፣ የሸሚዜን እጅጌ ያዘችው።

ቃሌን ጠበቅሁ። ይቅርታውን ለጠፍኩ፤ «የተከበረችው ፍየል ሉል» ብዬ ጀምሬ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብዬ ጨረስኩ። ከዚያም ስለ መንገዳችን ሰላምና ስለ ጎረቤቶቼ ደግነት ጻፍኩ። ስለ አዴር ጃማ የቀን እንቅልፍ ጤናማነትም ጻፍኩ። ከሥሩ አስተያየት አልመጣም። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። ቆጣሪው አሥራ አንድ ነበር፣ አሥር ሆነ። ብሎግህ አይዘጋም ተብሎ የተፈረደልኝ ሰው፣ ያለ «አነበብኩ» ብሎጉን ምን እንደማደርገው ግራ ገባኝ። ጠዋት ጠዋት አሁን በአማርኛ ነው ሰላም የምንባባለው፤ ስለ ጽሑፉ ግን እሳቸው ቃል አይተነፍሱም፣ እኔም ማን ደፍሮ ይጠይቃል።

ባለፈው አርብ ራሳቸው በሬን አንኳኩ።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አሉኝ ሳይቀመጡ። «የቀበሌ ደብዳቤ ነው እንዴ የምትጽፈው? ሁላችንንም ጥሩ ሰው አደረግኸን። ጥሩ ሰው ማንበብ ይደብራል አቦ!»

«እውነቱን ብጽፍ ይከሱኛላ፣ ኤዶ።»

«እከስሃለሁ! ለምን አልከስህም? መብቴ ነው። አንተ ጻፍ፣ እኔ እከስሃለሁ። ምንድነው ችግሩ?»

ችግሩን አስቤ አጣሁት። እሳቸው እንደወጡ ደብተሬን ይዤ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ሉል መጥታ ከፊቴ ቆመች። ያን ቀን የተወችውን አራተኛ ገጽ አንስታ እስክትበላ ድረስ፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ጺሟ፣ ስለ አስተዳደጓም ሳላስቀር ጻፍኩ። ትናንት ለጠፍኩት።

ዛሬ ጠዋት ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «አነበብኩ። ነገ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ግራሩ ሥር።»

ሸሚዜን ተኩሻለሁ። ሐልዋም ገዝቻለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ለፕሮፌሰሩ ሳይሆን ለኤዶ ሳህራ።